ዘመዴ አይደለም የሚል ሰው ጠፋ

እስካለፈው ክረምት ድረስ እኔ የማውቀው ጽሑፍ «ላም የቤት እንስሳ ናት» የሚለውን ብቻ ነበር። መምህራችን «ድርሰት ጻፉ» ባሉን ቁጥር ያችኑ ላም እየጎተትኩ አመጣታለሁ። አምስተኛ ክፍል ቀንዷን ጻፍኩ፤ ስድስተኛ ክፍል ወተቷን ጨመርኩ፤ ሰባተኛ ክፍል ጅራቷ ላይ ስደርስ መምህሩ ከሥሩ በቀይ ቀለም «ይህች ላም አትታረድም እንዴ?» ብለው ጻፉልኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ቤቴ ስደርስ ግን አለቀስኩ።

አሁን ስምንተኛ ክፍል ነኝ፤ ላሟን ለቅቄያታለሁ። እንዴት እንደለቀቅኋት ነው የምጽፈው።

ቤታችን ሆሳዕና ከገበያው በላይ ነው። ከእኛ አጥር ቀጥሎ ዳቦ ቤት አለ፤ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ሱቅ አለ። ዳቦ ቤቱ የአረቡ ነው። ከተማው «አረቡ» ይለዋል፤ እኔ ግን «አባባ» ነው የምለው፤ ምክንያቱም የእሱ ልጅና እኔ አንድ ጡት ጠብተናል። እኔ በተወለድኩ በሁለተኛው ወር የሣር ቤታችን ተቃጠለ፤ የእናቴም ወተት በድንጋጤ ደረቀ። የአረቡ ሚስት ያኔ አራስ ነበረች። «አምጪያት ወዲህ፤ ሁለት ጡት የተሰጠኝ ለምን ይመስልሻል?» ብላ እኔን በግራ፣ ልጇን በቀኝ አድርጋ አጠባችን። ያን ክረምት እናትና አባቴ እኔን ይዘው የከረሙት በእነሱ የዱቄት ክፍል ውስጥ ነው። እናቴ እስካሁን «ያኔ ስታስነጥሺ ዱቄት ይቦን ነበር» ትለኛለች።

አባባ ከየመን ነው የመጣው። ገና ጢሙ ሳያበቅል በጅቡቲ ገብቶ፣ በባቡር አዲስ አበባ ደርሶ፣ ሶዶ የሚኖር አጎቱ ዘንድ በጭነት መኪና ሲሄድ መኪናው አዲሎ ላይ ተበላሸ። አንድ ቀን ጠበቀ፤ ሁለት ቀን ጠበቀ። በሦስተኛው ቀን በቅሎ ጭኖ ወደ ሆሳዕና የሚወጣ ነጋዴ «እኛ ዘንድ ዳቦ የሚጋግር የለም፤ መኪናው እስኪጠገን ና» አለው። ተከትሎት ወጣ። ሶዶ እስከ ዛሬ አልደረሰም። ከቦኖሻ ሚስት አገባ፤ ሃዲይኛን እንደ እኛው አቀላጥፎ ተናገረ። አማርኛው ግን የገበያ ነው፤ ዋጋና ሰላምታ ድረስ ይሄድና እዚያ ይቆማል። የደነገጠ እንደሆነ ደግሞ ያችም ትጠፋበትና ሃዲይኛው ብቻ ይቀርለታል።

ሱቁ የጋሼ ነው። ጋሼ ከጉራጌ አገር የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ከመርፌ እስከ ላምባ እሳቸው ዘንድ አይታጣም። እሳቸውና አባባ ሰባት ዓመት ሙሉ ሆድና ጀርባ ናቸው። ጠቡ የአሸንዳ ነው። የዳቦ ቤቱ አሸንዳ የጣሪያውን ውሃ ሁሉ ሰብስቦ የሚደፋው የጋሼ በረንዳ ላይ ነው። አባባ «ውሃ የሚሄደው ወደ ቁልቁለት ነው፤ ቁልቁለቱ ወደዚያ ነው» ይላል። ጋሼ «ቁልቁለቱን ማን ሠራው?» ይላሉ። ይህንንም የሚባባሉት በሰው በኩል ነው፤ ፊት ለፊት አይነጋገሩም። ዝናብ ሲመጣ ጋሼ ጥላቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ይቆሙና ሽቅብ ወደ ቆርቆሮው እያዩ ይራገማሉ። ልጆች ሆነን «ጋሼ ከቆርቆሮ ጋር ተጣሉ» እያልን ለማየት እንሮጥ ነበር።

እንግዲህ በሐምሌ መጨረሻ ከመንግሥት ቢሮ መልእክተኛ መጣና፣ የውጭ አገር ሰው የሆነ ሁሉ የመኖሪያ ወረቀቱን ይዞ እንዲቀርብ ተናግሮ ሄደ። አባባ ወረቀት ነበረው። ከዱቄት ጆንያ ሥር አስቀምጦት አይጥ በልቶታል እንጂ ነበረው። የተረፈው የማኅተሙ ግማሽና ሁለት መስመር አረብኛ ነው። ያንኑ በጨርቅ ጠቅልሎ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ ሊጥ መስሎ ነበር።

«ምን አሉህ?» አለች ሚስቱ።

«አዲስ ይሰጥሃል አሉ። ማመልከቻ አምጣ፤ ዋስ አምጣ። እስከ መስቀል ካላሟላህ ወደ መጣህበት ትመለሳለህ አሉ።»

«ወደ አዲሎ?» አለች ልጁ፣ የጡት እህቴና ጓደኛዬ።

ሳቃችን መጣ፤ አፋችን ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ማታውኑ ሳይሆን በማግስቱ ቀትር ላይ ነው ነገሩ የገባን። ጓደኛዬና እኔ ከእንጨት ክምሩ ላይ ተቀምጠን ትኩስ ዳቦ እየቆረስን ነበር።

«የመን ክረምት አለ?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቄ!»

«ትምህርቱስ በምንድን ነው?»

«በአረብኛ ይሆናላ።»

«እኔ አረብኛ አልችልም። አባቴም ረስቶታል፤ ሲቆጥርና ጣቱን ሲቃጠል ብቻ ነው ትዝ የሚለው።» ዳቦዋን አስቀመጠች። «እናቴ ያለሱ አትቀርም። እሱ ከሄደ ሦስታችንም ነን። አንቺ እዚያ አግዳሚ ላይ ብቻሽን ትቀመጫለሽ።»

እንደዚህ ባለ ቀን እንኳ ከጥፍሯ ሥር ዱቄት ነበረ። ያስቀመጠችውን ዳቦ አንሥቼ መልሼ እጇ ላይ አኖርኩላት።

ከቢሮው በር አጠገብ ጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው አለ። አባባ እሱ ዘንድ አስጽፎ መጣና አንብቢልኝ አለኝ። የተጻፈው «እኔ ባዕድና መጻተኛ የሆንኩት አመልካች ከክቡርነትዎ እግር ሥር ወድቄ» ነው የሚለው። ወደ ሃዲይኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው።

«ባዕድ ማነው?» አለች ሚስቱ።

«አባባ ነው።»

«የቱ አባባ?»

«ይሄ።» በጣቴ አሳየኋት። አየችው፤ እሱም ራሱን ከላይ እስከ ታች አየ። ያም ሆነ ይህ ወረቀቱ ገባ።

ዋሱ ግን ችግር ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። አባቴ ገበሬና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ሆሳዕና ውስጥ የእሱን ቃል የሚጠራጠር የለም። ማንበብ ስለማይችል እኔን አስከትሎ ሄደ። የቢሮው ሹም ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጡ ቀጭን ሰው ናቸው። የሆሳዕናን ብርድ ገና አልለመዱትም፤ አንገታቸውን በሻርፕ ጠቅልለው ያስነጥሳሉ። ብዕራቸውን አነሡና ጠየቁ።

«ከአመልካቹ ጋር ዝምድና አለህ?»

«አለኝ። ወንድሜ ነው።»

«ከአንድ አባት?»

«የለም ጌታዬ።»

«ከአንድ እናት ታዲያ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ምን ዓይነት ወንድም ነው?»

«ወንድሜ ነው» አለ አባቴ፤ በቃ ይኸው ነው።

ሹሙ «ወንድም» ብለው ጻፉና ወረቀቱን ወደ ጎን አደረጉት። «ዘመድ ዋስ መሆን አይችልም። ዘመድ ለዘመዱ ያደላል። ሌላ ሰው ላኩ።»

ሌላ ሰው ተላከ። ፀጉር አስተካካዩ ሄዶ «አጎቴ ነው» አለ። ቆጮ የምትሸጠው ሴትዮ ሄዳ «ልጄ ነው» አለች፤ በዕድሜ ግን እሱ ይበልጣታል። ከቦኖሻ ሦስት ሰዎች በጭቃ ሲማስኑ መጥተው «አማቻችን ነው» አሉ፤ እነሱስ እውነታቸውን ነው። ሰባተኛው አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ናቸው። ሹሙ ገና ሳይጠይቋቸው «የልጅ ልጄ ነው» ሲሉ ሹሙ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ስሙኝ! ይህ ሰው የመናዊ ነው ወይስ የዚህ አገር ባላባት? እኔ የምፈልገው አንድ ሰው ነው። አንድ! ዘመዴ አይደለም የሚል!» አሉና አስነጠሳቸው።

እኛ ዘንድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አብሮህ ቀብር የወጣን፣ ከእሳትህ እሳት የጫረን ሰው፣ ያውም ሹም ፊት ቆሞ «ዘመዴ አይደለም» ማለት ከቤት እንደማስወጣት ነው። ስድብ ቢሉት ይቀላል። አባቴን ብለምነው፣

«ልዋሽ ነው?» አለኝ።

«አባዬ፣ ውሸት እኮ አይደለም። ከአንድ ሆድ አልወጣችሁም።»

«ቤቴ ሲቃጠል ከአንድ ሆድ የወጡት የት ነበሩ? ሂጂ ወዲያ!»

ከጓደኛዬ ጋር ከተማውን ዞርን። እንደ ቀልድ ጀምረነው ነበር፤ መስቀል እየቀረበ ሲመጣ ግን እግራችን እየፈጠነ ሄደ። ቆጮ ሻጯን መልሰን ብንለምናት «አፌ ይጥመም!» ብላ አባረረችን። በመጨረሻ መምህራችን ትዝ አሉን። እሳቸው የዱራሜ ሰው ናቸው፤ ከምባታ ናቸው፤ እሳቸው እንኳ ዘመድ አይሆኑም አልን። ቤታቸው ሄደን ነገርናቸው።

«እኔ ከዱራሜ ስመጣ ደመወዝ እስኪወጣልኝ ያበላኝ ማን ሆነና ነው?» አሉ መምህሩ። «አይሆንልኝም ልጆቼ፤ አፌ እሺ አይለኝም።» ከዚያ የፊተኛውን ማመልከቻ ግልባጭ ተቀብለው አነበቡና ፊታቸውን አጨማደዱ። «መጻተኛ! ይህስ መታደስ አለበት። አንቺ ጻፊው።»

«እኔ? እኔ እኮ ከላም ሌላ...»

«ላሟን ተያት። ስለምታውቂው ሰው ጻፊ።»

እየወጣን ሳለን ጓደኛዬ መንገድ መሐል ቀጥ አለች።

«አንድ ሰው አለ» አለች።

«ማን?»

በአገጯ ወደ ሰፈራችን፣ ወደ አሸንዳው አመለከተችኝ።

ጋሼ ስኳር እየመዘኑ ነበር። ገብተን ቆምን። ማን ይጀምር እየተባባልን በክርን ስንጓሸም፣

«ምን ልስጣችሁ? ክብሪት?» አሉ።

«የለም ጋሼ... ከአባባ ጋር ዘመድ ነዎት?» አልኩኝ፤ ሌላ መግቢያ ቢጠፋኝ።

ሚዛኑን ለቀቁት። «ምን? እኔ? ከዚያ ሰውዬ ጋር? ማርያምን! ማን ነው እንዲህ ብሎ የሚያወራው?»

ጓደኛዬና እኔ ተያየን፤ ደስታችን ፊታችን ላይ ሳይታወቅ አልቀረም። ነገሩን ዘርዝሬ ነገርኳቸው። እየሰሙ ስኳሩን ጠቀለሉ፤ ፈቱት፤ መልሰው ጠቀለሉት። ስጨርስ ጓደኛዬን አዩአት።

«አባትሽ ነው የላከሽ?»

«አያውቅም ጋሼ። ቢያውቅ ይገርፈኛል።»

«ይገርፍሽ ነበራ። ትዕቢተኛ ነው።» የጠቀለሉትን ስኳር ወደ መደርደሪያው ገፉት። «ቀኑ መቼ ነው?»

«ሐሙስ ጠዋት ቅረቡ ተብለናል።»

«ሐሙስ የገበያ ዕቃ ይመጣልኛል» አሉና ጀርባቸውን ሰጡን። እሺም እንቢም አላሉም።

ማመልከቻውን የጻፍኩት በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ዳቦው ከወጣ በኋላ፣ ሊጥ የሚዳመጥበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ጓደኛዬ ቀለሙን ይዛልኛለች። መጀመሪያ «ከክቡርነትዎ እግር ሥር» ብዬ ጀመርኩና ቀደድኩት። ሁለተኛውንም ቀደድኩት። ከዚያ ሹሙ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እያስነጠሱ እንደሆነ አድርጌ አሰብኩና እንደማወራ ሆኜ ጻፍኩ። እጄ እንዲያ ሲፈጥን አይቼው አላውቅም። እነሆ፦

«ክቡር ሆይ፤ ሰባት ሰዎች የዳቦ ጋጋሪው ዘመድ ነን ብለው እርስዎን አስቆጥተዋል። አልዋሹም። እኛ ዘንድ አብሮ የኖረን ሰው ዘመዴ አይደለም ማለት ነውር ነው።

ቅጹ ላይ በየት በኩል ገባ የሚል መስመር አለ፤ በጅቡቲ ብለን ሞልተናል። የማንን ቃሬዛ ተሸከመ የሚል መስመር ግን የለም፤ እኔ ጨምሬዋለሁ፤ የአያቴን። ቤት የተቃጠለበትን ማንን አስጠጋ የሚልም የለም፤ እኛን። በመስቀል ሰፈሩ በሬ ሲያርድ የእሱ ሃይማኖት ከዚያ ሥጋ መብላት ስለማይፈቅድለት፣ የሰፈሩ ሰው በግ በሕይወቱ አምጥቶ ይሰጠዋል፤ ራሱ ያርዳል። እሱም በቅርጫው ላለ ሁሉ ዳቦ ይልካል። ይህን የት መስመር ላይ እንደምጽፈው አላገኘሁም።

መንግሥት በአገሩ ማን እንዳለ ማወቅ እንዳለበት ይገባኛል። አስተማሪም በየጠዋቱ ስም ይጠራል። ግን አስተማሪያችን ስም ጠርተው «አለሁ» ያለውን አስወጥተው አያውቁም።

ልጁ የአግዳሚ ጓደኛዬ ናት። እሱ ከሄደ እሷም ትሄዳለች፤ ስሟ ሲጠራ «የለችም» የምለው እኔ ነኝ። መልስዎን ደጅ ቆመን እንጠብቃለን።»

ሐሙስ ጠዋት ዝናቡ ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ነበር። አባባ የሰርግ ኮቱን ለብሶ፣ ሚስቱ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ አባቴ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ፣ ጓደኛዬና እኔ አንድ ጆንያ አጥልቀን ደጁ ላይ ቆምን። ለአባባ ዋስ ተገኘ ብለን ነግረነዋል፤ ማን እንደሆነ ግን አልነገርነውም። መንገዱን ባየን ቁጥር ባዶ ነው። የቢሮው ጠራጊ ወጥቶ «ግቡ ተብላችኋል» ሲል ጓደኛዬ እጄን ጨበጠችው፤ እስኪያመኝ።

ሹሙ ቀድመን ያስገባነውን ማመልከቻዬን ይዘዋል።

«ይህን ማን ጻፈው?»

 አባቴ ከኋላ በጣቱ ገፋ አደረገኝ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«ማመልከቻ እንዲህ አይጻፍም። ቁጥር የለው፣ ጉዳዩ የሚል የለው። ይህስ ምንድን ነው?» ጠርዙ ላይ ነጭ የጣት አሻራ አለ።

«ዱቄት ነው ጌታዬ።»

«እህ።» መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ መልሰው አንድ ቦታ ላይ አነበቡ። የቱ ጋ እንደሆነ አይቻለሁ፤ ስም የሚጠራው ጋ ነው። «ደግሞስ ደጅ ቆመን እንጠብቃለን ምንድን ነው? ዝናብ አይደለም እንዴ? ተቀመጡ።» ሁላችንም አንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። «ነገሩ ገብቶኛል። ግን ዋስ ያስፈልጋል። ዋሱ የታለ?»

 አባባ እኔን ያያል፤ እኔ በሩን አያለሁ።

በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የገባው ጥላ ነው፤ ከዚያ የጋሼ ቦቲ ጫማ፣ ከዚያ ጋሼ፤ እየተነጫነጩ። «መንገድ ነው ይሄ? ባሕር!» አባባ ሊነሣ ብድግ ሲል ሚስቱ ኮቱን ይዛ አስቀመጠችው።

«ዋሱ አንተ ነህ?» አሉ ሹሙ። «ከአመልካቹ ጋር ዝምድና አለህ?»

«ከእሱ ጋር? እግዜር ያውጣኝ!»

ሹሙ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ፊታቸው እንዲያ ሲበራ ያን ቀን ነው ያየሁት። «በፍጹም?»

«በፍጹም። በሥጋም በጋብቻም በምንም። ሰባት ዓመት አልተነጋገርንም። ውሃውን በረንዳዬ ላይ ይደፋል።»

«ታዲያ ለጠላትህ ዋስ የምትሆነው ለምንድን ነው?»

«ጠላት አላልኩም፤ ጎረቤቴ ነው።» ጋሼ ጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ተደገፉበት። «ጌታዬ፣ እነዚህ ሁሉ ይወዱታል። የሚወድ ሰው ምን ያያል? እኔ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ዓይኔን ሳልነቅል አይቼዋለሁ፤ አንዲት ጥፋት ባገኝበትና ባስቀጣሁት እያልኩ። ሰው ልኬ ዳቦውን አስገዝቼ በራሴ ሚዛን መዝኜዋለሁ፤ አይጎድልም። ዱቄቱን አስነፍቻለሁ፤ ንጹሕ ነው። ሰክሮ አያውቅም፤ ሚስቱን ተሳድቦ አያውቅም፤ ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ይሰማል። በደል ተብሎ የሚከሰስበት አሸንዳው ብቻ ነው። እኔ ዋስ ካልሆንኩት ማን ሊሆነው ነው?»

 አባባ አፉን ከፍቶ ጋሼን ያያል።

ሹሙ ጻፉ፤ ጻፉ፤ ከዚያ ቀና ብለው «አመልካቹ ራሱ ይናገር። ለምን እዚህ መኖር ትፈልጋለህ?» አሉ።

አባባ ተነሣ። አማርኛው ወዲያው ትታው ሸሸች። በሃዲይኛ አንድ ነገር ተናገረና ቆመ። መጀመሪያ የሳቁት ጋሼ ናቸው፤ በጥላቸው ላይ ተደፍተው። ከዚያ አባቴ፤ ከዚያ ሁላችንም፤ በር ላይ የቆመው ጠራጊ ሳይቀር።

«ምንድን ነው ያለው? በአረብኛ ነው የተናገረው?»

«የለም ጌታዬ፣ በሃዲይኛ ነው» አልኩ።

ሹሙ አንድ በአንድ አዩን። «ስለዚህ እዚህ ቤት ውስጥ ያልገባኝ እኔ ብቻ ነኝ?»

«አዎን ጌታዬ።»

«በይ እንግዲህ፣ ንገሪኛ!»

«እኔ ወደ ሶዶ ነበር የምሄደው፤ እዚህ የቆየሁት መኪናው እስኪጠገን ነው፤ ነው ያለው።» መኪናው አዲሎ ላይ መቼ እንደቆመም፣ ጓደኛዬ ከዚያ ስንት ዓመት በኋላ እንደተወለደችም ነገርኳቸው።

ሹሙ መሳቅ አልፈለጉም ነበር። ማስነጠሳቸው መጣ፤ ከማስነጠሱ ጋር ሳቁ አመለጣቸው። መሳቢያቸውን ከፈቱ፤ ማኅተሙን አወጡ፤ ሁለት ጊዜ ተነፈሱበት።

«እንግዲያው መኪናው እስኪጠገን ድረስ ይኑር» አሉና ወረቀቱ ላይ መቱት።

ሚስቱ እልል አለች። አባቴ «ቢሮ ነው፣ ኧረ ቢሮ ነው!» እያለ ራሱ ጮኸ። ጓደኛዬ እኔ ላይ ተጠምጥማ ከአግዳሚው ወደቅን።

«ጌታዬ» አሉ ጋሼ፣ ሁሉ ሲረጋጋ፣ «እዚያው ላይ አሸንዳው ይነሣ ብለው አንድ መስመር ይጨምሩልኝ።»

«እሱን አጥቢያ ዳኛ!» አሉ ሹሙ፤ በእጃቸው እያስወጡን።

ደጅ ስንወጣ አባባና ጋሼ ጎን ለጎን ቆሙ። አባባ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ጋሼ ጥላቸውን ዘረጉና «ዝም በል። ወረቀቱ ይርስብሃል፤ ከጥላው ሥር ግባ» አሉት። ሁለቱ በአንድ ጥላ ሥር፣ ሳይነጋገሩ፣ እስከ ሰፈራችን ድረስ ሄዱ። እኛ ከኋላ ሆነን በጆንያችን ውስጥ እንስቃለን።

በመስቀል ዋዜማ አባባ መሰላል ተደግፎ ጣሪያው ላይ ወጣ። አሸንዳውን ሊያዞረው ነው። ጋሼ ከሱቃቸው ብቅ ብለው አዩና፣

«ምን ልታደርግ ነው?» አሉ፤ ለቆርቆሮው ሳይሆን ለእሱ።

«ላነሣልህ ነዋ።»

«ውረድ! ተንሸራትተህ ሞተህ ደግሞ ገደለው ልባል ነው? ለዋስትናዬ ያሰብክ እንደሆነ ውረድ!»

አባባ ወረደ። ጋሼ ከጓሮ ባዶ በርሜል እያንከባለሉ አምጥተው ከአሸንዳው ሥር አቆሙት። በማግስቱ ዘነበና በርሜሉ ጢም አለ። ንጹሕ ውሃ ነው፤ ለሊጥ ይሆናል፤ ለልብስም ይሆናል። አባባ ባልዲ ይዞ መጣ። ጋሼም ባልዲ ይዘው ወጡ።

«ውሃው የእኔ ነው፤ ከጣሪያዬ ነው የመጣው» አለ አባባ።

«በርሜሉ የማነው?» አሉ ጋሼ።

«በርሜል ውሃ ይወልዳል እንዴ?»

«ቆርቆሮስ ይወልዳል?»

ሰፈሩ በሙሉ ለመስማት ወጣ። ሰባት ዓመት ያጠራቀሙትን ወሬ በአንድ ጠዋት ሊጨርሱት ነው መሰለኝ፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀጥላል። ጓደኛዬና እኔ እንጨት ክምሩ ላይ ተቀምጠን የመስቀል ዳቦ እየበላን ሰማናቸው። ከጥፍሯ ሥር ያው ዱቄቱ አለ።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሼ ጠሩኝና ስለ በርሜሉ ለአጥቢያ ዳኛው ማመልከቻ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። ቤቴ ሳልደርስ አባባም ጠራኝ፤ እሱም ማመልከቻ ነው የሚፈልገው። ለሁለቱም እጽፋለሁ። ለማን አስበልጬ እንደምጽፍ ግን ገና አልወሰንኩም።